ከባች የወረደ ይሉኝታ

ማንያህልሻል ደርበው በቆቃ ቴክኖሎጂ ተቋም የአሥራ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበረች። ዕድሜዋ ሠላሳ አንድ። በዶርሟ በር ላይ «ጥናት ላይ ነን፤ አትረብሹ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። የለጠፈችው የዶርም ጓደኛዋ ናት፤ የለጠፈችውም ሦስተኛ ልጇን ጡት ለማስጣል በምትታገልበት ሰሞን ነበር።

በ2071 ዓ.ም. በዚህ የሚደነቅ ሰው አልነበረም። ነገሩ የመጣው ከሕግ ነው። ከሠላሳ ዓመት በፊት የዓለም መንግሥታት ተሰብስበው ጨረቃ የሰው ልጆች ሁሉ ናት፣ ለትምህርት ካልሆነ በቀር ማንም አፈሯን ቆፍሮ ሊነግድበት አይችልም ብለው ፈረሙ። «ለትምህርት ካልሆነ በቀር» የምትለዋን ሐረግ ማን እንዳስገባት እስከ ዛሬ አይታወቅም፤ ያስገባት ሰው ግን በድህነት እንዳልሞተ መገመት ይቻላል። ከዚያ ወዲህ ጨረቃ ላይ የሚቆፍር ሁሉ ተማሪ ነው፤ የሚቆፈረው አፈርም ናሙና ይባላል። ባለፈው ዓመት ብቻ አራት መቶ ሺህ ቶን ናሙና ወጥቷል። ቁፋሮውን የሚመራው ድርጅት ረጅም ስም አለው፤ ቁፋሮው በደንቡ የተማሪዎች ውድድር ስለሆነ ግን ሰው ሁሉ «አዘጋጁ» ይለዋል፣ የጥያቄና መልስ ፕሮግራም ያሰናዳ ይመስል።

እንግዲህ ተማሪ የተመረቀ ዕለት ተማሪነቱ ያበቃል። ስለዚህ ምረቃ በብዙ ጥንቃቄ ነው የሚሰጠው። ማንያህልሻል ተቋሙ ስትገባ አንድ ነጂ ለመመረቅ፣ እዚህ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ጨረቃ ላይ ያለውን ማሽን እየነዳ፣ ሠላሳ ጭነት ናሙና ጎተራ ማስገባት ይበቃው ነበር። በሦስተኛ ዓመቷ ሃምሳ ሆነ። በሰባተኛው ሰማንያ፣ በአሥረኛው መቶ። በየጊዜው የሚመጣው ደብዳቤ «የትምህርት ጥራትን ከማስጠበቅ አኳያ» ብሎ ይጀምራል፤ ሰው ከዚያ በኋላ ያለውን ማንበብ ትቷል። ጠጠር የበዛበት ጭነት አይቆጠርም። የረፈደበት አይቆጠርም። አዘጋጁ በጥናት እንደደረሰበት ከሁሉ በላይ የሚተጋው አንድ ጭነት ብቻ የጎደለው ተማሪ ነው፤ ምን ዓይነት አጋጣሚ እንደሆነ እንጃ፣ በየተቋሙ አንድ ጭነት ብቻ የጎደላቸው ተማሪዎች ሞልተዋል።

ማንያህልሻል ዘጠና ዘጠኝ ነበራት።

የዘንድሮው ደብዳቤ ደግሞ ከሌሎቹ ከፋ ይላል። ከሚቀጥለው ወቅት ጀምሮ መመረቂያው መቶ ሃምሳ ጭነት ይሆናል፤ ዘንድሮ ያልጨረሰ ሰው እስካሁን ያስገባው ተሰርዞ ከዜሮ ይጀምራል። ይኸም የትምህርት ጥራትን ከማስጠበቅ አኳያ ነው።

ከዜሮ መጀመር ለእሷ ብቻ ቢሆን ኖሮ ትችለው ይሆናል። ሞጆ ላይ ግን አባቷ አቶ ደርበው አሉ። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፤ የፖስታ ቤት ጡረተኛ ናቸው። ልጃቸው አራተኛ ዓመት ስትደርስ፣ ያኔ ምረቃው በአምስት ዓመት ያልቃል ይባል ስለነበር፣ ለበዓሉ የሚለብሱት ሱፍ ገዙ። ሱፉ እስካሁን ከነላስቲኩ ነው። እሳቸው ግን እያነሱ ሄዱ፤ ሁለት ጊዜ ልብስ ሰፊ ጋ ተወስዶ ጠቧል። ባለፈው ፋሲካ ሄዳ ስታያቸው፣ ሱፉ ለሦስተኛ ጊዜ ከሚጠብ ይልቅ እሷ ብትፈጥን እንደሚሻል በጨዋ ደንብ፣ ስለ ዝናብ እያወሩ መሃል ላይ ጣል አደረጉባት። ሳቀች። አውቶቡስ ውስጥ ግን እስከ ቆቃ አለቀሰች።

የየዕለት ኑሮዋ ይህን ይመስላል። ጠዋት ካፌ ገብታ ፍርፍሯን ትበላለች፤ ሁለት ሰዓት ላይ ድሮ ቤተ መጻሕፍት በነበረው አዳራሽ ከአርባ ወንበሮች በአንዱ ትቀመጣለች። መሪውን ወደፊት ስትገፋ ትእዛዙ ጨረቃ ደርሶ፣ ማሽኑ ተንቀሳቅሶ፣ ምስሉ እስኪመለስ ሦስት ሰከንድ ያህል ይፈጃል። አሥራ ሁለት ዓመት በሦስት ሰከንድ ስትኖር ደግሞ ነገሩ ወደ ሰውነት ይገባል። የቆቃ ባለሱቆች የተቋሙን ተማሪ የሚለዩት በዚህ ነው፤ ስንት ልስጥህ ሲባል መጀመሪያ ትክ ብሎ ያያል፣ ከዚያ ይመልሳል። ቆቃ አዲስ የመጣ ሰው ኩራት ወይም ድንዛዜ ይመስለዋል። አንድ ጊዜ አንድ የመቂ ልጅ ላግባሽ ወይ ብሎ ጠይቋት፣ ሦስት ሰከንድ ዝም ስትል ተቀይሞ ሄደ። መልሷ እሺ ነበር።

ማሽኗ ዳለቻ ይባላል፤ በበሬ ስም የሰየሙት የቀድሞ ተማሪዎች ናቸው። የቀድሞ ተማሪዎች ያላደረጉት ነገር የለም። ዳለቻን የሚያንቀሳቅሰው ፕሮግራም ራሱ ከባች ባች የወረደ ነው፤ ሲኒየር ለጁኒየር፣ ጁኒየር ለፍሬሽ እያስረከበው፣ እንደ ድሮ ዎርክሺት። ሃያ ሺህ መስመር ነው። ሁሉንም የሚያውቅ ሰው የለም። በየቦታው «አይነካም» የሚል ማስታወሻ አለበት፤ ማን ለምን እንደጻፈው አይታወቅም፣ ግን ተጽፏልና አይነካም። ያለ ኮሚቴ ፈቃድ የነካ ከተቋሙ ይሰናበታል። ቀልድ ያስገባበትማ ሳይውል ሳያድር ነው።

ከእነዚህ መስመሮች አንዷን የጻፈችው ማንያህልሻል ናት። ይህን ከራሷ በቀር የሚያውቅ የለም።

የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ፍሬሽ ሳለች አንድ ሲኒየር ማሽኖች መንገድ ላይ ሲገናኙ እንዳይጋጩ የሚያደርግ ነገር እንድትጽፍ አዘዛት። አቶ ደርበውን አሰበች። አቶ ደርበው በር ላይ ከሰው ጋር ከተገናኙ ቀድመው ገብተው አያውቁም። ታላቅ ከሆነ ታላቅ ነው ብለው ያሳልፋሉ፤ ታናሽ ከሆነ ልጅ ነው ይቸኩላል ብለው፤ እኩያ ከሆነ ደግሞ ይቀየመኛል ብለው። ያኛው ወደ ኋላ ካለ እሳቸው ከእሱ ይብስ ወደ ኋላ ይላሉ፤ ያሳለፈህን ቀድመህ አትገባምና። አንድ ጊዜ ወደ አዳማ ሊሄዱ ወጥተው ሰልፈኛውን ሁሉ «ይግቡ፣ ይግቡ» እያሉ ሲያሳፍሩ አውቶቡሱ ሞልቶ ጥሏቸው ሄዷል። ሹፌሩ ተራ አስከባሪ መስለውት በመስኮት አመስግኗቸዋል። ማንያህልሻል ይህን ሁሉ በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ ብቻዋን እየሳቀች፣ በማሽን ቋንቋ ጻፈችው። ማሽኑ ሲያሳልፍ የአፈር መዛቂያውን ዝቅ አድርጎ እጅ እንዲነሣም ጨመረች። የሌሎቹን አይታ እሷም ማስታወሻ አስገባች፤ «አይነካም። የቸኮለ ይለፍ።» መስመሯንም ይሉኝታ ብላ ሰየመቻት።

ሲኒየሩ ሳያነበው ተቀበለ። በሁለተኛው ዓመት አንድ ዝውውር የጠየቀ ልጅ ፕሮግራሙን በፍላሽ ይዞ ወደ ቢላቴ ቴክኖሎጂ ተቋም ሄደ፤ በአምስተኛው ዓመት ይሉኝታ የሌለው ኢትዮጵያዊ ማሽን ጨረቃ ላይ አልነበረም። ችግርም አላመጣም። የሌላ አገር ማሽን ሲመጣ የኛው ዝቅ ብሎ ያሳልፋል፣ ያኛው ያልፋል፣ ነገሩ በዚህ ያበቃል። የኛ ቡድኖች ሁልጊዜ ለምን እንደሚዘገዩ ሦስት ጊዜ ጥናት ተደርጎ በሦስቱም የሥልጠና ማነስ ነው ተብሏል። አዘጋጁ ግን በየዓመቱ «ግጭት አልባ» የሚል የምስክር ወረቀት ይልክልናል፤ በሬጅስትራር ኮሪደር ተሰቅሏል። ሁለት ኢትዮጵያውያን ማሽኖች በር ላይ ቢገናኙ ምን ይሆናል ብሎ የጠየቀ ሰው የለም። አዘጋጁ የተለያየ ቦታ ስለሚመድባቸው ተገናኝተው አያውቁም ነበር።

ዘንድሮ ምደባው ተቀየረ።

የወቅቱ የመጨረሻ ቀን ነበር። አሥር ሰዓት ላይ በዚያ ስፍራ ፀሐይ ትጠልቃለች፣ ጎተራው ይዘጋል፣ ከዚያ አሥራ አራት ቀን ጨለማ ነው፤ ወቅቱም በዚሁ ያበቃል። ልክ ስድስት ሰዓት ላይ ዳለቻ መቶኛውን ጭነት ተሸክሞ ከጎተራው በር ደረሰ። በሩ አንድ ማሽን ብቻ ነው የሚያሳልፈው፤ ገብቶ ማራገፍ ደግሞ ሃምሳ ደቂቃ ይፈጃል። ጊዜው ለአራት ማሽን የሚበቃ ነበር። ከግራ በኩል ሌላ የተጫነ ማሽን መጣ። ሻምበል ይባላል፤ የቢላቴ ነው። ከዳለቻ ጋር በአንድ ወር የተመዘገበ እኩያ።

ዳለቻ ቆመ። ሻምበልም ቆመ። ሁለቱም መዛቂያቸውን ዝቅ አደረጉ።

ማንያህልሻል ወዲያው ገባት። መሪውን ወደፊት ገፋች፤ ከሦስት ሰከንድ በኋላ ዳለቻ «እኩያ አለ፤ ይቅደም ብያለሁ» የሚል መልእክት ላከላት። የራሷ ቃል ነው። እንደገና ገፋች፤ እንደገና ያንኑ መለሰላት። ወደ ኋላ ብትጎትተው ያኛው ያልፍ ይሆናል ብላ አሥር ሜትር መለሰችው። ሻምበል አሥራ አንድ ሜትር ወደ ኋላ ሄደ። ዳለቻ ይህን ባየ ጊዜ፣ ማንም ሳያዘው፣ አሥራ ሁለት ሄደ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሁለቱም ከበሩ መቶ ሜትር ርቀው ነበር፤ ለመመለስ ሌላ ግማሽ ሰዓት ፈጀ። በቀጥታ ሥርጭት ላይ አንድ የውጭ ተንታኝ ይህ የአፍሪካ ቡድኖች አዲስ ባትሪ ቆጣቢ ስልት መሆኑን አብራራ። ሌላው የሰርግ ጭፈራ ነው አለ።

የሻምበል ነጂ ስልክ ደወለላት። ማርቆስ ቦርሳሞ ይባላል፤ በየዓመቱ በወቅቱ መክፈቻ ስብሰባ ላይ ይገናኛሉ። አርባ አንድ ዓመቱ ነው፣ አሥራ ስድስተኛ ዓመት ተማሪ። እሱም ዘጠና ዘጠኝ ነበረው። የመጀመሪያ ልጁ ዕንቁ ዘንድሮ ማትሪክ ወስዳ እዚያው ቢላቴ ተመድባለች። ዛሬ ካልጨረሰ በመስከረም ከልጁ ጋር አንድ ክፍል ይቀመጣል፤ ይህን ሲናገር ሳቀ፣ ማንያህልሻልም አብራ ሳቀች፣ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ። መስመሯን እሱም አግኝቷታል። የቢላቴ ዲን ሥልጠና ሄዶ ፈቃድ የሚሰጥ ሰው ስለሌለ የቆቃ ኮሚቴ ይወስን ተባብለው ስልኩን ዘጉ።

የቆቃ ኮሚቴ በሰባት ሰዓት ተሰበሰበ። ሰብሳቢው ዶክተር አጥናፍሰገድ የመክፈቻ ንግግር አደረጉ። ከዚያ በጉዳዩ ስም ላይ ውይይት ተከፈተ፤ ችግር ይባል ወይስ ክስተት? ችግር ከተባለ ተጠያቂ ይኖረዋል፤ ክስተት ከተባለ ግን እንደ ዝናብ ነው። ከአርባ ደቂቃ በኋላ ክስተት እንዲባል በሙሉ ድምፅ ተወሰነና ቃለ ጉባኤ ላይ ሰፈረ። ሰብሳቢው የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለውን ተረት ለማስታወስ እንደሚወዱ ተናገሩ፤ አስታወሱም።

ስምንት ሰዓት ላይ ማንያህልሻል እንደ አንጋፋ ተማሪነቷ ማብራሪያ እንድትሰጥ ተጠራች። ዶክተሩ መነጽራቸውን አውልቀው አዩዋት።

«ይህን መስመር የጻፈው ማን ነው?»

እኔ ነኝ ብትል ነገሩ በሁለት ደቂቃ ያልቃል። የትኛው ቢነሣ ማሽኑ እንደሚሄድ በጣቷ ታሳያቸዋለች፤ ጊዜው ለሁለቱም ማሽኖች ገና ይበቃል። እሷ ግን በዚያው በር ትሰናበታለች፣ ሱፉም ከነላስቲኩ ይቀራል። ማርቆስ ይመረቃል፣ እሷ ትባረራለች። ዝም አይነቅዝም።

«አላውቅም» አለች ከሦስት ሰከንድ በኋላ። «ከባች የወረደ ነው።»

አላወቀችም የሚለው ቃለ ጉባኤ ላይ ሰፈረ። ኮሚቴው ጉዳዩን የሚያጠና ንዑስ ኮሚቴ ሊያቋቁም ወደ አባላት ምርጫ ገባ። አንዱ እጩ ራሱን ከኃላፊነት አግልሎ ምክንያቱን ሲያስረዳ ዘጠኝ ሰዓት ሞላ።

ወደ ወንበሯ ስትመለስ ሁለቱ ማሽኖች በሩ ፊት ለፊት አንገታቸውን ደፍተው ነበር። የበሩ ጥላ ረዝሟል። አንድ ሰዓት ቀርቷል፤ ለአንድ ማሽን ብቻ የሚበቃ። ስልኳ ጮኸ።

ማርቆስ ነው። የኮሚቴውን ነገር ጠየቃት፣ ነገረችው። እሱም ማን ይቅደም አላለም፣ እሷም አላለችም። እሱ እኔ ልቅደም እንዳይል ይሉኝታ ያዘው፤ አንቺ ቅደሚ እንዳይል ደግሞ ልጁ አለች። ማንያህልሻልም ያው ናት። ቢላቴ ዝናቡ እንዴት ነው አለችው። ዘንድሮ ዘግይቷል አላት።

«እንግዲህ እህቴ፣ እግዚአብሔር ያውቃል» አለ በመጨረሻ።

«ይሁን ጋሽ ማርቆስ፣ ያውቃል» አለችው።

ስልኩ ተዘጋ። እግዚአብሔር የሚያውቀውን ለእግዚአብሔር ትታ ፕሮግራሙን ከፈተች።

መስመሯ ከነማስታወሻዋ እዚያው ናት። አይነካም፣ የቸኮለ ይለፍ። አጻጻፉ የልጅ ነው፤ የጻፈችው ልጅ ትምህርት በአምስት ዓመት የሚያልቅ መስሏት ትስቅ የነበረች ልጅ ናት። ማንያህልሻል ዙሪያዋን አየች። ሠላሳ ዘጠኙ ተማሪዎች ወደየራሳቸው ማሽን አፍጥጠዋል። ይሉኝታን ከላይ እስከ ታች ሰረዘችና መሪውን ገፋች።

አንድ። ሁለት። ሦስት።

ዳለቻ አንገቱን ቀና አድርጎ ወደ በሩ ሄደ። ሻምበል ሲያየው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለ፤ መዛቂያውን ዝቅ አድርጎ እስኪያልፍ ድረስ እጅ ነሣ። ዳለቻ መልስ አልሰጠም፤ መልስ የሚሰጥበት ነገር አልነበረውም። ማራገፉ ሲያልቅ ሰዓቱ ዘጠኝ ከሃምሳ ስምንት ነበር። አሥር ሰዓት ላይ ጨለማው መጣና ሻምበልን እንዳጎነበሰ ዋጠው። ማንያህልሻል ደስ አላት፤ አፈረችም። የትኛው እንደቀደመ ራሷም አላወቀችም።

በኃላፊዎቹ ዘንድ ግን ሁሉም ነገር ግልጽ ነበር። ኮሚቴው ማሽኑ መንቀሳቀሱን ሲሰማ ክስተቱ በኮሚቴው የተቀናጀ ጥረት መፈታቱን ቃለ ጉባኤ ላይ አሰፈረ። ጅብ ከሄደ እንዲሉ፣ ንዑስ ኮሚቴውም በማግስቱ ተቋቋመ። መስመሯን ማን እንደሰረዛት የጠየቀ የለም፤ ከተጠየቀ ያለ ፈቃድ መሰረዟ ይወጣ ነበር። ዶክተር አጥናፍሰገድ የምስክር ወረቀት ተሰጣቸው። ኮሪደሩ ላይ ከሌሎቹ አጠገብ ተሰቅሏል።

ምረቃው በሐምሌ ሆነ። አቶ ደርበው ለሦስተኛ ጊዜ የጠበበውን ሱፋቸውን ለብሰው መጡ፤ ላስቲኩ አዳራሹ በር ላይ ተነሣ። በሩ ላይ ለማሳለፍ ቆመው አርባ ያህል ሰው ስላስገቡ ሥነ ሥርዓቱ ተጋምሶ ነው የደረሱት። ማንያህልሻል ጥቁር ጋዋኗን ለብሳ ስትመጣ ፊቷን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆዩ። ለአሥራ ሁለት ዓመት ያዘጋጁት ንግግር ነበራቸው፤ ጠፋባቸው።

ከዚያ ትልቁ ስክሪን ላይ አዘጋጁ የወቅቱን ምርጥ ትዕይንት አሳየ። ዳለቻ ሲገባ፣ ሻምበል ወደ ኋላ ሲል፣ ዝቅ ሲል። አዳራሹ አጨበጨበ። አቶ ደርበው ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው ተመለከቱ።

«የገባው ያንቺ ነው?»

«አዎ አባዬ።»

«ጎሽ» አሉ። ወደ ስክሪኑ ዘንበል አሉ። «ያ ያሳለፈው ግን የማን ነው? ያሳደገው ሰው ይባረክ።»

ማንያህልሻል የቢላቴ ነው አለቻቸው።

የተመረቀ ሰው ተማሪ ስላልሆነ በሕጉ መሠረት ጨረቃን መንካት አይፈቀድለትም። አፈር ከመቆፈር በቀር ሌላ ነገር አልተማረም፤ ስለዚህ ለምሩቃን ያለው ሥራ አንድ ነው፣ እሱም ማስተማር። በመስከረም ደብዳቤ ደረሳት፤ ቢላቴ ተመድባለች። አውቶቡስ ውስጥ መንገዱን ሙሉ አሰበችበት። ለማርቆስ ትነግረዋለች። መስመሯን እኔ ነኝ የጻፍኳት፣ የሰረዝኳትም እኔ ነኝ፣ ኮሚቴው ፊት ቀርቤ ዝም ያልኩት ጊዜው ለሁለታችንም በሚበቃበት ሰዓት ነው ትለዋለች። እሱ የሚለውን ይበል። ሶዶ ስትደርስ ቃሉን በቃሏ ይዛው ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ከክፍሉ በር ላይ ተገናኙ። ማርቆስ ደብተር ይዟል። ከኋላው አንዲት ቀጭን ልጅ፣ የእሱን ግንባር የያዘች፣ አባቷን የማታውቀው ለመምሰል ወደ ኮርኒሱ ታያለች። ዕንቁ መሆን አለባት። ከእሷ ኋላ ሌሎች ተማሪዎች ተደርድረው ይጠብቃሉ።

ማርቆስ ማንያህልሻልን ሲያይ ፊቱ በራ። ባለፈው ሰኔ አንቺ ይላት የነበረ ሰው ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ ብሎ ጎንበስ አለ።

«ይግቡ መምህርት።»

«ጋሽ ማርቆስ፣ እርስዎ ይቅደሙ እንጂ።»

«ኧረ ነውር ነው። መምህር ሳይገባ ተማሪ ይገባል?»

ቆሙ። ከኋላ አንዱ ተማሪ ጉሮሮውን ጠረገ። ማርቆስ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ያን ቀን የናንተ ኮሚቴ ስለፈታው ደስ ብሎኛል» አለ። «እውነቱን ልንገርዎት፣ ስልኩን ከዘጋን በኋላ እኔም መስመሯን ልሰርዛት ከፍቼ ነበር። ጣቴ ላይዋ ነበር። ማስታወሻዋን አነበብኩና እጄ እንቢ አለ። ይህን የጻፈ ሰው ጨዋ ቤት ያደገ ነው፣ እኔ ማን ነኝና የሱን ቃል የምሰርዘው አልኩ። ዕንቁንም አሳይቻታለሁ፣ እንዲህ ነው ሰው ማለት ብዬ።» ልጁን ዞር ብሎ አያትና ተመለሰ። «መቼም እናንተ ዘንድ ነው የተጀመረው ይባላል። ማን እንደጻፈው ያውቃሉ?»

ማንያህልሻል አየችው። አንድ። ሁለት። ሦስት።

«አላውቅም» አለች። ቀድማም ገባች።